ይቆያል ወይስ ያልፍበታል? የቤት ውበት ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል። አዲስ ነገር ሲመጣ ከማማሩ በፊት «ሲሰለች እንዴት ይነሳል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል። በብሩሽ የሚነሳ ነገር ቢያልፍበትም ጉዳቱ ቀላል ነው። በመዶሻ የሚነሳው ግን ከመሠራቱ በፊት ደጋግሞ ሊታሰብበት ይገባል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ሳሎናችን 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ነው። የጂፕሰም ባለሙያው ኮርኒሱን በሁለት ደረጃ አውርጄ፣ ዙሪያውን ቀለሙ የሚቀያየር የኤል ኢ ዲ መብራት ላስገባበት ብሎናል። ባለቤቴ «ይሄ ነገ ያልፍበታል» እያለ አስቸገረኝ። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ ባለቤትዎ በመብራቱ ቀለም እውነት አላቸው። ከኮርኒስ ጠርዝ ጀርባ ተደብቆ ወደ ላይ የሚያበራ መብራት ራሱ ግን የሚያልፍበት ነገር አይደለም። ብርሃኑ ጣሪያው ላይ አርፎ ስለሚመለስ ዓይን አይወጋም፣ ጥላም አያበዛም። የሚሰለቸው ሰማያዊና ቀይ መቀያየሩ ነው። በሰማያዊ መብራት ሥር ወጥም የሰው ፊትም ደስ አይልም፤ ቀለም የሚቀያይረው መሣሪያም ከመብራቱ ቀድሞ ሊበላሽ የሚችል ተጨማሪ ዕቃ ነው። ሲገዙ ማሸጊያው ላይ 3000 ኬልቪን የሚለውን ይፈልጉ፤ ሞቅ ያለ ነጭ ማለት ነው። 6500 የሚለው ለሱቅ እንጂ ለሳሎን አይሆንም።

ሁለት ደረጃ የሚለውን ከመቀበልዎ በፊት ከወለል እስከ ጣሪያ በሜትር ይለኩ። 2.60 ሜትር ከሆነ፣ ብረቱና ቦርዱ ለመጀመሪያው ደረጃ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወስዳሉ፤ ሁለተኛው ደረጃ ሌላ 10 ይጨምራል። የሚቀርዎት 2.40 ነው፤ በዚያ ስፋት ላይ ቤቱ ይከብዳል። መሐሉን እንዳለ ትተው ዙሪያውን ብቻ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው አንድ ደረጃ ቢያሠሩ ከፍታውም አይጠፋም፣ ሥራውም በግማሽ ይቀንሳል፣ መብራቱም ያው ነው።

የመጨረሻው ፎቅ ላይ ስለሆናችሁ የክረምቱን ነገር አደራ። ጂፕሰም ውኃ ይጠጣል። ጣሪያው ቢያፈስ ቦርዱ ውኃውን ደብቆ ይይዝና፣ ቢጫ ክብ ምልክት ሲታይ ውስጡ ተበልቷል። ስለዚህ ፍሳሽ መኖሩን አንድ ክረምት አይተው፣ ካለም አስጠግነው ይጀምሩ። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ላይ አረንጓዴውን ቦርድ ይጠይቁ። እሱም ቢሆን እርጥበትን ይቋቋማል እንጂ የሚንጠባጠብ ውኃን አይችልም።

አሁን ወደ መብራቱ እንመለስ። የሳሎናችሁ ዙሪያ 15 ሜትር ነው። ባለ 12 ቮልቱ መብራት አብዛኛውን ጊዜ በ5 ሜትር ሮል ይሸጣል። ሦስቱን ሮል ጫፍ ለጫፍ ቀጥሎ በአንድ በኩል ብቻ ኤሌክትሪክ መስጠት የተለመደ ስህተት ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው ደብዝዞ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ሮል የራሱ መስመር ይሳብለት። መብራቱ በሜትር 10 ዋት የሚበላ ከሆነ አንዱ ሮል 50 ዋት ነው፤ 20 በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመርበት ባለ 60 ዋት አዳፕተር ያስፈልገዋል። አዳፕተሮቹን ጂፕሰም ውስጥ አያስቀብሩ፤ ይግላሉ፣ በተቃጠሉም ቁጥር ኮርኒስ ሊፈርስ ነው። በእጅ የሚደረስበት ቦታ ይቀመጡ።

ጥያቄ፦ ከሀዋሳ ነው የምጽፍላችሁ። ሶፋችንን ሸጠን አረብያን መጅሊስ ልናሠራ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ይሰለቸን ይሆን? እናቴም አብራን ትኖራለች።

መልስ፦ ግድግዳ ተከትሎ ዝቅ ብሎ መቀመጥ በዓረቦች ቤት የኖረ ነገር ነው፤ እኛም ዘንድ መደብ ነበረ፣ አሁንም አለ። አቀማመጡ ይቆያል። የሚያረጅባችሁ የወርቅ ገመዱ፣ የሚያብረቀርቀው ጨርቅና ለመቀመጫ ቦታ የሚያሳጣው የትራስ ብዛት ነው። ዘመኑን በሽፋኑ ተከተሉ፤ ሽፋኑ ሁሉ ዚፕ ይኑረው፤ ሲታጠብም ሲለወጥም ይወልቃል።

ገንዘቡን ስፖንጁ ላይ አውሉት፤ መጅሊስ የሚሞተው ስፖንጁ ሲሰምጥ ነውና። ሻጩ «አንደኛ ደረጃ ነው» ቢላችሁ ሚዛን ላይ አውጡት። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 70 ሴንቲ፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ የሆነ ስፖንጅ 0.21 ሜትር ኩብ ነው። ለመቀመጫ የሚሆነው በሜትር ኩብ 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ስለሆነ፣ ይሄ ስፖንጅ ቢያንስ 6.3 ኪሎ መመዘን አለበት። 4 ኪሎ ብቻ ከመዘነ በሜትር ኩብ 19 ኪሎ ነው ማለት ነው፤ ለመደገፊያ ይሆናል፣ ለመቀመጫ ግን ቶሎ ይጎደጉዳል።

ለእናትዎ ሲባል ደግሞ ከወለል ከፍታው ይታሰብ። 25 ሴንቲ ላይ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱን ካመመው ያለ ረዳት አይነሳም። ከሥሩ የእንጨት አልጋ አስገብታችሁ መቀመጫውን ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ብታደርሱት ለሁሉም ይመቻል። ከግድግዳውም 5 ሴንቲ ራቅ ይበል፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስፖንጅ አየር አጥቶ ከጀርባው ይሻግታል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው፤ አዲስ አበባ ያለውን ቤቴን እያስጨረስኩ ነው። «የዓመቱ ቀለም» የሚባለውን ልከተል? እህቴ ሁሉንም ግራጫ አድርጊው፣ ሴራሚኩንም ጭምር ትለኛለች።

መልስ፦ ፓንቶን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2000 ጀምሮ በየዓመቱ ቀለም ይመርጣል። ለ2021 ግራጫና ቢጫን አንድ ላይ መረጠ፤ ለ2023 ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ፣ ለ2024 የኮክ ቀለም፣ ለ2025 ቡናማ። ይህን እየተከተለ ሴራሚክ የሚያስነቅል ቤት ይከስራል።

ግድግዳው ላይ ግን አይፍሩ። ለ4 በ3.5 ክፍል፣ ከፍታው 2.60 ከሆነ፣ በርና መስኮት ሲቀነስ 35 ካሬ ያህል ግድግዳ ይኖራል። አንድ ሊትር ቀለም አንዴ ሲቀባ 10 ካሬ ይሸፍናል ብንል፣ ሁለት ጊዜ ለመቀባት 7 ሊትር ነው። ስህተት ቢሆን እንኳ በሁለት ቀን ይስተካከላል። ግራጫው በዱባይ ፀሐይ ቢያምርዎት የአዲስ አበባ ሐምሌ ሌላ ነው፤ በደመና ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያደላና ክፍሉን ያቀዘቅዘዋል። እህትዎ በሁለት የተለያዩ ግድግዳዎች ላይ ሜትር በሜትር አስቀብተው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በአምፖል ፎቶ ይላኩልዎ፤ ከዚያ ይወስኑ።

ሴራሚኩ ረጋ ያለ ይሁን። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1904 የተከፈተው የኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ግድግዳ የለበሰው ነጭ ሴራሚክ፣ 7.5 በ15 ሴንቲ የሆነው፣ ዛሬም ይሸጣል። ያኔ የተመረጠው ጨለማ ውስጥ ብርሃን ስለሚመልስና በጨርቅ ስለሚጠራ ነው፤ ያ ሥራው ዛሬም ወጥ ቤት ውስጥ አልቀረም። በሴራሚኮቹ መሐል የሚሞላው ፉጋ ብቻ ነጭ አይሁን፤ ዘይትና ቁሌት ቶሎ ያጠቁረዋል፣ ቀላል ግራጫ ይሻላል። ሲገዙ 10 በመቶ ጨምረው፣ ካርቶኖቹ ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን አይተው ይግዙ፤ ቁጥሩ ሲለያይ ቀለሙም በትንሹ ይለያያል፣ ወለሉ ከተነጠፈ በኋላ ደግሞ ጎልቶ ይታያል። አንድ ሙሉ ካርቶን ይቀመጥ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ አንዱ ቢሰነጠቅ መሰሉን ገበያ ላይ አያገኙትም።

ጥያቄ፦ መታጠቢያ ቤታችን ወለል ላይ ባሕርና ዓሣ የሚታይበት ባለ ሦስት አውታር ኤፖክሲ ላሠራ ነው።

መልስ፦ ይቅርብዎ። ኤፖክሲ ወለል ላይ ፈስሶ የሚጠነክር ማጣበቂያ ነው፤ ሥዕሉ ከሥሩ ስለሚታሰር ሲሰለችዎ በመፍጫ ማሽን ካልሆነ አይነሳም። ፀሐይ የሚያገኘው ክፍል ቢጫ ይላል፣ ከጫማ የሚረግፍ አሸዋም ይጭረዋል፤ የተጫረውን ቦታ ብቻ ለይቶ መጠገንም አስቸጋሪ ነው። ሥዕል የሌለበትን ለመጋዘን ወይም ለጋራዥ ከፈለጉት ሊሾው ቢያንስ 28 ቀን ይድረቅ። ከዚያ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግተው ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉትና ለአንድ ቀን ይተዉት። ከሥሩ ካላበው ገና አልደረቀም፤ በዚያ ላይ ከፈሰሰ ኤፖክሲው ያብጣል፣ ይላቀቃል።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ሳሎናችን ውስጥ የሐበሻ ጥግ ላዘጋጅ ነው፤ መሶብ፣ ረከቦት፣ የጅማ በርጩማ፣ የሸማ መጋረጃ። ይሄም ፋሽን ሆኖ ያልፋል?

መልስ፦ ቡና የሚፈላበት ጥግ ከሆነ ይቆያል፤ ዕቃው ሲነካ ይኖራል። ለፎቶ ብቻ የተደረደረ ጥግ ግን አቧራ ይሰበስብና አንድ ቀን ይነሳል። ስለዚህ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ፣ ለሲኒ የሚሆን ውኃ የሚመጣበት መንገድና የምድጃው ጭስ የሚወጣበት መስኮት አስቀድሞ ይታሰብ። የጭስ ማስጠንቀቂያው ካለበት ሥርም ዕጣን አይጨስ።

ለዕቃዎቹ የሚያሰጋው የክረምቱ ማሞቂያ ነው። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚሠራ፣ ደረቅ ሞቃት አየር ሲመታው በእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ ይሰነጠቃል። ከማሞቂያው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይራቅ፤ በዓመት ሁለቴ የተልባ ዘይት በጨርቅ ቀብተው ትርፉን ይጥረጉት። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልለው አይጣሉ፣ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ውጭ ዘርግተው ያድርቁት። መሶቡ ቀጥታ ፀሐይ አይምታው፤ የአክርማው ቀለም የሚለቀው በዚያ ነው።

ለመጋረጃው፣ መስኮቱ 1.5 ሜትር ስፋት ካለው እጥፉን፣ 3 ሜትር ጨርቅ ይያዙ። የአንዱ ሸማ ስፋት 80 ሴንቲ ከሆነ አራት ይበቃዎታል። ጥጥ ስለሆነ ይሰበሰባል፤ ከመቆረጡ በፊት አንድ ጊዜ ይታጠብ፣ ርዝመቱም ላይ 10 በመቶ ይጨመር። ከማጠብዎ በፊት ደግሞ ነጭ ጨርቅ አርጥበው ጥለቱን አሸት ያድርጉት። ቀለም ከለቀቀ ጥለቱን ለብቻው አስፈትተው፣ ነጩ ከታጠበ በኋላ መልሰው ያሰፉት።