«90ኛ ፐርሰንታይል» ማለት ስኳር ሊይዘኝ ነው ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ ከባህር ዳር ነው የምጽፍልህ፣ 34 ዓመቴ ነው። አሜሪካ ያለችው ታላቅ እህቴ ባለፈው ስትመጣ ምራቅ የሚተፋበት ቱቦ ይዛ መጥታ ተፋሁላትና ይዛው ሄደች፣ አሁን ሪዛልቱን በቴሌግራም ላከችልኝ። ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር 90ኛ ፐርሰንታይል ላይ ነሽ ይላል። እማዬ ይሄው ስኳር አለባት፣ መርፌዋን ጠዋት ማታ የምወጋት እኔ ነኝ፣ እና ከዛ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። 90 ፐርሰንት ይይዘኛል ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ አይደለም፣ በጭራሽ! 100 ሰው ከምራቁ የዘረመል ምርመራ በወጣለት ነጥብ ከትንሹ ወደ ትልቁ ቢሰለፍ 90 ያህሉ ካንቺ በታች ነው ማለት ነው እንጂ። የሰልፍ ቦታሽን ነው የነገሩሽ። ከላይ ካሉት ብዙዎቹ እድሜ ልካቸውን ሳይታመሙ ይኖራሉ፣ ከታች ካሉትም የሚይዛቸው አሉ።

ጣና ዳር ታንኳ ሲሰራ አይተሽ የለ? አንድ ደንገል ብቻውን ምንም አይሸከምም፣ እየተደራረበ ሲታሰር ነው ሰውና እንጨት ጭኖ ሐይቁን የሚያቋርጠው። ስኳርም በአብዛኛው ሰው ላይ እንደዛ ነው፣ ዲኤንኤያችን ላይ ብዙ ቦታ ያሉ የአንድ ፊደል ልዩነቶች እያንዳንዳቸው ሪስኩን በጣም በትንሹ ከፍ ወይ ዝቅ ያደርጋሉ፣ ኮምፒውተር ሁሉንም በየክብደታቸው ደምሮ አንድ ቁጥር ያወጣል፣ ነጥብ የምልሽ እሱን ነው።

ክብደቱ ከየት መጣ ካልሽኝ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ክብደቱ የሚወጣባቸው የዘረመል ጥናቶች ላይ ከተሳተፉት ሰዎች 79 ፐርሰንት ያህሉ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው፣ የነጥቡ ትክክለኛነትም አፍሪካውያን ላይ ሲመጣ 4.5 ጊዜ ያህል ይወርዳል። እኛ ሳንቆጠር በወጣ ሚዛን ነው የተመዘንሽው። ከማን ጋር እንዳነጻጸሩሽ ሪፖርቱ ላይ ካለ እህትሽ ትይልሽ።

ለኔ ከዛ ሪዛልት ይልቅ የእማዬ ስኳር ብዙ ይነግረኛል። ስለዚህ ማታ ከበላሽ በኋላ ከውሃ በቀር ምንም ሳትቀምሺ ቢያንስ 8 ሰዓት ቆይተሽ፣ ጠዋት ቡናም ሳትጠጪ፣ ክሊኒክ ሄደሽ ደምሽን ተመርመሪ። የደም ስኳርሽ ከ100 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ከሆነ ደህና ነሽ፣ ከ100 እስከ 125 እየተጠጋ ነው፣ 126ና ከዛ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ይደገማል። በእማዬ ማሽን ልየው ካልሽም እሺ፣ ግን በማሽን ብቻ ስኳር አለብኝ የለብኝም አይባልም፣ የጣት መውጊያዋን ደግሞ በፍጹም እንዳትጋሪ፣ አዲስ አድርጊ።

መሀል ላይ ከተገኘሽም አትደንግጪ። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ትልቅ ጥናት ላይ በሳምንት 150 ደቂቃ እየተንቀሳቀሱ አመጋገባቸውን አስተካክለው ትንሽ ክብደት እንዲቀንሱ የተደረጉት ሰዎች በስኳር የመያዝ እድላቸው በ58 ፐርሰንት ቀንሷል። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ከስራ ስትወጪ በሐይቁ ዳር ፈጠን ብለሽ ግማሽ ግማሽ ሰዓት መሄድ ነው።

የደምሽን ቁጥር ስታገኚ ጻፊልኝ። ታላቅ እህትሽም የዛችው እናት ልጅ ናት፣ ነጥቧ ዝቅ ብሎ ቢወጣላት እንኳን እሷም ትመርመር።