ደርሶ መልስ፦ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ምን ያዳርሳል?

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ የሚደርሱን ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ናቸው። ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት መግባት የሚቻልበት ቦታ የት ነው? የተወሰኑትን እንመልሳለን። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንስማማ፦ ለአንድ ቀን አንድ መውጫ። ጠዋት ቢሾፍቱ፣ ከሰዓት ደብረ ሊባኖስ ብሎ ነገር የለም። ከተማዋን ሰንጥቆ ማለፉ ብቻ ቀኑን ይበላዋል።

ልጆቼ 8 እና 11 ዓመታቸው ነው። እሁድ በመጣ ቁጥር ቢሾፍቱ ሄዶ ዓሣ በልቶ መመለስ ሰልችቶናል። ታሪክ ያለው፣ ልጆቹንም የማያሰለች ቦታ ጠቁሙን። መኪናችን ቪትዝ ናት። (ከጎሮ)

የቡታጅራን መንገድ ያዙ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከአዲስ አበባ መውጫዎች ሁሉ ያለ አግባብ የተናቀው ይሄ ነው። በዓለም ገና በኩል ስትወጡ በአንድ መስመር ሦስት ነገር ታገኛላችሁ፦ መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ ማርያም እና ጢያ። ጢያ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ነው፤ መልካ ቁንጡሬ ደግሞ ከባልጪት ጋር ገና በ2024 ገባ። ሁለት የዓለም ቅርስ በአንድ እሁድ፣ ያውም በቪትዝ።

ቅደም ተከተሉን ግን ገልብጡት። ብዙ ሰው ቅርብ ካለው ይጀምርና ጢያ ሲደርስ ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለች፤ ጢያ ደግሞ ሜዳ ነው፣ መጠለያ የለውም። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውጡ፣ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ በቀጥታ ነድታችሁ ጢያ ግቡ፣ ሌሎቹን ስትመለሱ ታዩዋቸዋላችሁ። ጠዋት ብርሃኑ ከጎን ስለሚያርፍ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው በደንብ ይለያል። ትክል ድንጋዮቹ 36 ናቸው። 32ቱ ላይ ቅርጽ አለ፤ ረጅሙ 5 ሜትር ይደርሳል። ልጆቹን «ሰይፍ ቁጠሩ» በሏቸውና ዞር በሉ። አንዱ ድንጋይ ላይ ሰይፎቹ ጫፋቸውን ወደ ታች አድርገው ተደርድረዋል፣ ሌላው ላይ ክብ ነገር አለ፣ ሌላው ላይ ደግሞ ቅርንጫፍ የሚመስል ምልክት። ሰይፉ ሟቹ የገደላቸው ሰዎች ቁጥር ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ግምት ነው፣ ልጆቹ የራሳቸውን ይገምቱ። ከሥር ያለው መቃብር መሆኑ ግን በቁፋሮ ታይቷል፦ የተቀበሩት በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው፣ ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው እንዳጠፉ።

ከዚያ አዳዲ ማርያም። ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ኮረኮንች ትገባላችሁ። ግቢው ስትደርሱ «የታለ ቤተ ክርስቲያኑ?» ማለታችሁ አይቀርም፣ ምክንያቱም ጣሪያው ከቆማችሁበት መሬት እኩል ነው። ዙሪያውን ቋጥኙ ተቦርቡሮ ቦይ ወጥቶለታል፤ በዚያ ነው የሚወረደው። በትውፊት የቅዱስ ላሊበላ ሥራ ነው ይባላል፣ አሠራሩም የዚያው ወገን ነው። ላሊበላ ድረስ ለመሄድ ጊዜም ገንዘብም ላጣ ሰው ከመዲናው 66 ኪሎ ሜትር ላይ ይህን ማየት ትልቅ ነገር ነው። ጫማ ስለሚወለቅ ካልሲ አድርጉ፣ ውስጡ ስለሚጨልም የሞባይል መብራት አዘጋጁ፣ ነጠላ አትርሱ። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ስላለ ጢያን ማስቀደሙ ለዚህም ይጠቅማል። በሥራ ቀን፣ በጾም ወቅት ከሄዳችሁ ግን ቅዳሴው ከሰዓት መሆኑን አስታውሱ።

መልካ ቁንጡሬ የመጨረሻው ይሁን፣ ለከተማው ቅርብ ስለሆነ። አዋሽ ዳር ነው። ጎጆ የመሰሉ የሙዚየም ቤቶች አሉት፤ ውስጡ የድንጋይ መሣሪያና የእንስሳት አጥንት ነው። «ድንጋይ ለማየት ነው እንዴ የመጣነው?» ለሚል ልጅ መልሱ ይኸውላችሁ፦ እዚህ አካባቢ 700,000 ዓመት የሆነው የእግር አሻራ ተገኝቷል፣ የትልልቅ ሰዎች ብቻ ሳይሆን የሕፃናትም። ትልልቆቹ ድንጋይ እየጠረቡ ሥጋ ሲበልቱ ልጆቹ እዚያው ጭቃው ላይ ይርመሰመሱ ነበር። የእኔ የወንድም ልጅ ከዚያ ቀን ጉዞ ያስታወሰው ይሄንን ብቻ ነው።

ምሳ? የጉራጌ አገር ገብታችሁ ይሄን ትጠይቁኛላችሁ? ጾም ካልሆነ ክትፎ በቆጮ። ቪትዟ በበጋ ያለ ችግር ትደርሳለች። ሐምሌና ነሐሴ ግን የአዳዲው መንገድ ጭቃ ነው፣ አታሰቃዩዋት።

ጥር ላይ ከሲልቨር ስፕሪንግ እመጣለሁ። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ሐይቅ ማየት ትፈልጋለች። ዘመዶቼ ወንጪ ውሰዳት ይሉኛል፣ ትችላለች?

እውነቱን ልንገርህ፣ ለደርሶ መልስ ወንጪ ለእማማ ይከብዳል። ቦታው የሚወራለትን ያህል ውብ ነው፦ እሳተ ገሞራ በተወው ጎድጓዳ ውስጥ ያለ ሐይቅ፣ መሃሉ ላይ የቂርቆስ ገዳም ያለበት ደሴት፣ ዙሪያውን ሰው የሚያርሰው ተራራ። ግን ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ጠርዙ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሂዱ ካላችሁ አንድ ሌሊት እደሩ። በአንድ ቀን ከሆነ ከላይ ሆና አይታ ትመለስ፤ በፈረስ ውረጂ ብላችሁ አታስቸግሯት።

በአንድ ቀን ቢሾፍቱ ይሻላል። አውቃለሁ፣ ከላይ ያሉት ሰልችቷቸዋል፤ ያንተ እናት ግን አልሰለቻትም። በፈጣን መንገዱ ሳትንገላታ ትደርሳለች። ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቆች ሁሉም በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ጉድጓዶች ናቸው። ስለዚህ ዳርቻቸው ገደል ነው፣ ውሃውም ቶሎ ይጠልቃል፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ልጆች ካሉ ዓይን አይነቀልባቸው። ለእማማ ግን ገደል መሆኑ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ሳትወርድ ከላይ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ ቡናዋን ይዛ ሐይቁን ሙሉውን ታየዋለች። በሥራ ቀን ውሰዳት፤ ቅዳሜና እሁድ የሠርግ ሚዜና የካሜራ ባለሙያ ሐይቁን ይሸፍነዋል።

ዝቋላንም ሳትጠይቀኝ አትቀርም፣ ከቢሾፍቱ ይታያላ። ተራራው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፣ አናቱ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለው። ለጥቅምት 5 እና ለመጋቢት 5 ሕዝቡ ይጎርፋል። ለጉልበት ሕመምተኛ አይሆንም፤ ከሩቅ ትሳለመው።

እንደ ጎንደር ያለ ግንብ ወይም የድሮ ቤተ መንግሥት አዲስ አበባ አጠገብ አለ? ተማሪ ነኝ፣ መኪናም ብዙ ብርም የለኝም።

እንደ ጎንደር ያለ የለም፣ አትድከም። እንጦጦ ግን አለልህ፣ ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ይዘህ። የምኒልክ ቤተ መንግሥት የድንጋይ ግንብ ሳይሆን በኖራ የተለቀለቀ የጭቃና የእንጨት ቤት ነው፤ አንዳንድ ሰው አይቶት «ይሄ ነው?» ይላል። እኔ ደግሞ የምወደው ለዚሁ ነው። ግዙፍ አገር የሚመራ ሰው ብርድ በሚያንሰፈስፍ ኮረብታ ላይ፣ በጭቃ ቤት ይኖር ነበር። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ብርዱና የማገዶ እጦቱ፣ ደግሞም የፍልውሃው ነገር ነው ወደ ታች ያወረዳቸው። አሁን የምታየው ባሕር ዛፍ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፣ ከአውስትራሊያ።

ቀኑ ከተረፈህ የካ ተራራ ላይ ዋሻ ሚካኤል አለ፤ ከአለት የተፈለፈለ፣ ጣሪያው የፈረሰ። የከተማው ሰው ግማሹ መኖሩን አያውቅም። ከጓደኛ ጋር ሂድ፣ ብቻህን ጫካ ለጫካ አትዙር። የአንኮበርን ቤተ መንግሥት ኮረብታ ደግሞ ለደርሶ መልስ እርሳው፤ ደብረ ብርሃን ብቻ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ አንኮበር ከዚያም ያልፋል።

የፖርቹጋል ድልድይን እውነት ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት? ከደብረ ሊባኖስ ጋር አብሮ ይታያል?

አይደሉም። ስሙ ነው እንጂ ድልድዩን ያሠሩት የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው። በሰጎን እንቁላል ነው የተገነባው የሚለው ወሬ ግን እስከ ዛሬ አለ። ሁለቱ ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ አብረው ይታያሉ፣ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር አልፎ ነው። ገደሉ ጫፍ ላይ ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ ታገኛቸዋለህ፤ ሙዝ አትወርውርላቸው።

ደብረ ሊባኖስ ስትገባ ግን አደባባዩ ላይ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ ብቻ አይሁን። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም ነው። በግንቦት 1929 ደግሞ በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱና ምእመናኑ የተጨፈጨፉት ከዚሁ ተወስደው ነው። ጣሊያኖቹ ራሳቸው ያመኑት በመቶዎች ሲሆን፣ በኋላ የተጠኑት ጥናቶች ከዚያ በብዙ እጥፍ ያደርሱታል።

የመንገዱን ነገር አስቀድመህ ጠይቅ፣ ያውም በዋዜማው። በዚያ መስመር በየጊዜው የጸጥታ ችግር ስላለ ከዚያ የሚመጣ ሹፌር የሚነግርህ ከእኔ ይበልጣል። ካጠራጠረህ ተወው፣ የቡታጅራው መንገድ አለልህ።

መናገሻ ሱባ በአንድ ቀን ይበቃል? ምን ይታያል? (ከአየር ጤና)

ይበቃል፣ ላንቺማ መንደርሽ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጽድ አስተከሉበት የሚባለው ደን ነው። ግንዳቸው ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፋቸው ዛፎች አሉ። ጉሬዛ ታያለሽ፣ ዕድለኛ ከሆንሽ የምኒልክ ድኩላ። ሱቅ ስለሌለ ውሃና ምግብ ከቤት ያዢ፤ የመጨረሻው መንገድ ሻካራ ስለሆነ ከፍ ያለ መኪና ይመረጣል። ሹራብም ያዢ፣ ከሰዓት በኋላ ደኑ ውስጥ ይበርዳል።