«ይጋለጣል» ወይስ «ይፋ ይሆናል»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ለግዛቱ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ቅስቀሳ ላይ አግዛለሁ። ለሐበሻው ባዘጋጀነው ወረቀት «ከ100 ዶላር በላይ እርዳታ የሰጠ ሰው ስሙ ይጋለጣል» ብለን ጻፍን። አንዲት እናት አንብበው «ምን አጥፍቼ?» አሉኝ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትነው?

መልስ፦ እኚህ እናት ወረቀቱን በትክክል ነው ያነበቡት። ሌባ ይጋለጣል፤ ሴራ ይጋለጣል። ቃሉ ከ«ገለጠ» ይወለዳል፤ «መግለጽ»ም ዘመዱ ነው። «ማጋለጥ» ግን ዛሬ ጥፋትና ገበና አደባባይ ሲወጣ የምንለው ነው። ገንዘብ ያዋጣ ሰው ደግሞ ምንም አላጠፋም። እንዲያውም በቨርጂኒያ ለግዛት ምርጫ የሚሰጥ ገንዘብ ጣሪያ የለውም። ጣሪያ ስለሌለ ነው ማን ስንት እንደሰጠ ማወቅ ለመራጩ ትልቅ ነገር የሚሆነው።

እንግሊዝኛው «disclose» በሚል አንድ ቃል የሚጠቀልለውን አማርኛ ለሁለት ይከፍለዋል። «ማሳወቅ» ለሚመለከተው አካል ነው፤ «ይፋ ማድረግ» ለሁሉም ሰው። በሀገራችንም አዋጅ ቁጥር 668/2002 የወጣው የመንግሥት ባለሥልጣናት ሀብታቸውን «እንዲያሳውቁና እንዲያስመዘግቡ» ነው። በእናንተም ዘንድ ተወዳዳሪው ገቢና ወጪውን ለግዛቱ የምርጫ መሥሪያ ቤት ያሳውቃል። መሥሪያ ቤቱ በድረ ገጹ ይፋ ያደርገዋል። ሁለቱን ግሦች ለየብቻ ብትጽፏቸው አንባቢው ማን ምን እንደሚሠራ ወዲያው ይገባዋል።

«እርዳታ»ንም ተዉት፤ እርዳታ ለተቸገረ ነው። «ስጦታ» ለሹመት ፈላጊ ሲሰጥ ጉቦ ጉቦ ይሸታል። እኔ «መዋጮ»ን እመርጣለሁ። ብዙ ሰው ከየኪሱ አውጥቶ አንድ ላይ ሲያደርግ ነው «አዋጣ» የምንለው። እርግጥ መዋጮ የሚለው ቃል ግዴታን የሚያስታውሳቸው ብዙ ናቸው። «በፈቃድዎ» የምትል ቃል ጨምሩበት።

ሌላም ልጨምር። «በገንዘብ፣ በዓይነት፣ በጉልበት» የሚለው የቆየ አነጋገራችን እዚህ በጣም ይጠቅማችኋል። የምግብ ቤት ባለቤት ለቅስቀሳ ምሽት እንጀራና ወጥ በነፃ ካቀረበ በዓይነት አዋጥቷል፤ ዋጋው በዶላር ተተምኖ ይመዘገባል። ያለ ክፍያ ቤት ለቤት የሚዞር ወጣት የጉልበት እገዛ ግን እንደ መዋጮ አይቆጠርም።

«ተደምሮ» የምትለዋን ቃል ደግሞ አደራ አትርሷት። ሕጉ የሚያየው የምርጫ ዙሩን ድምር ነው። ዛሬ 60፣ ከወር በኋላ 60 የሰጠ ሰው 100ን አልፏል። የእናንተ ወረቀት በአንድ ጊዜ የተሰጠ ብቻ ያስመስለዋል።

እንዲህ ቢባልስ፦ «በፈቃድዎ ለአንድ ተወዳዳሪ በአንድ የምርጫ ዙር ያዋጡት ተደምሮ ከ100 ዶላር ካለፈ፣ ተወዳዳሪው ስምዎን፣ አድራሻዎን፣ ሙያዎንና አሠሪዎን ለምርጫ መሥሪያ ቤቱ ያሳውቃል። መሥሪያ ቤቱም ለሕዝብ ይፋ ያደርገዋል።»

ለእኚያ እናት ይህንን ያንብቡላቸው፤ የሚሉትንም ይጻፉልኝ።