ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ እናቴ ያመጣችው ማር ለፊቴ፣ ለማድቤቴና ለልጄ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ወልዲያ ነው። ዕድሜዬ 26 ነው፤ የአራት ወር ልጅ አለኝ። ወላጆቼ አምባሰል ገጠር ናቸው፤ አባቴ ንብ አናቢ ነው። ሰሞኑን እናቴ የዘንድሮውን ማር ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። ልጁን ካረገዝኩ ጀምሮ ፊቴ ላይ ማዲያት ወጥቶብኛል። ቲክቶክ ላይ ማርና ሎሚ ቀላቅሎ መቀባት ያጠፋዋል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? ስኳር ትቼ ሻዩንም ዳቦውንም በማር ባደርገውስ? ማሩ ደግሞ ረግቶ ቅቤ መስሏል። ስኳር ገብቶበታል እንዳልል የአባቴ ነው። አባቴ ዘንድሮ አዝኗል። የጎረቤት ማሳ መድኃኒት በተረጨ ማግስት የንቦቹን ሬሳ ከቀፎው ደጃፍ ይጠርጋል። እናቴ የልጁ ሆድ እንዲለሰልስ ብላ ማር በጣቷ ታልሰዋለች፤ እሱም ወዶታል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ መጨረሻ ልጀምር። ስለ ፊትሽና ስለ ዳቦው ረጋ ብለን እናወራለን። የልጁ ነገር ግን ዛሬውኑ መቆም አለበት። ልጅሽ አንድ ዓመት ሳይሞላው ማር አይቅመስ። በጣት ጫፍም፣ በውኃ ተበጥብጦም፣ ጡት ጫፍ ላይ ተቀብቶም አይሆንም።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ማር ውስጥ አንዳንዴ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ ዘር ይገኛል። ዘሩ አፈርና አቧራ ውስጥ የሚኖር ነው፤ ወደ ማሩም ከዚያ ይገባል። እኔና አንቺ ብንበላው ምንም አንሆንም። አንጀታችን ውስጥ ለዓመታት የሰፈሩ ባክቴሪያዎች ቦታ አይለቁለትም። የአራት ወር ልጅ አንጀት ግን ገና ነዋሪ ያልሞላበት ቤት ነው። ዘሩ እዚያ ይበቅልና መርዝ ያመነጫል። መርዙ ጡንቻን ያዝላል። ማሩ የአባትሽ መሆኑ፣ ስኳር ያልነካው መሆኑ ይህን አይቀይረውም። ማፍላትም መላ አይሆንም፤ ዘሩ በምድጃችን ሙቀት አይሞትም።

በሽታው ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። ስለዚህ እስካሁን በላሰው አትደንግጪ። ግን ቢያንስ ለአንድ ወር ዓይንሽ አይለየው። እናትሽ ማሩን የምትሰጠው ሆዱ እንዲለሰልስ ነው አይደል? የዚህ በሽታ የመጀመሪያ ምልክት ደግሞ ድርቀት ነው። ከዚያ ጡት መሳብ ይደክመዋል። ለቅሶው ይሰልላል። የዓይኑ ቆብ ይወርዳል፤ አንገቱ ይልፈሰፈሳል። እንዲህ ያለ ነገር ካየሽ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጂው። ማር መላሱን ሳትደብቂ ለሐኪሙ ንገሪው። በጊዜ የተደረሰለት ልጅ ይድናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጡት ብቻ የሚጠባ ጤነኛ ልጅ አንዳንዴ ለብዙ ቀን ካካ ላይል ይችላል። ሲመጣ ለስላሳ ከሆነ፣ ልጁም በደንብ ከጠባና ከተጫወተ ድርቀት አይባልም። እስከ ስድስት ወሩ ከጡትሽ ሌላ ውኃም አያስፈልገው። ደረቅና ጠጣር ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ አሳዪው።

እናትሽን ግን አደራ አታስቀይሚያት። እኔም በተወለድኩ ዕለት ቅቤ ያላሱኝ ልጅ ነኝ። የኛ አያቶች ሕፃንን ጣፋጭ የሚያቀምሱት ከፍቅር ነው፤ ኑሮው እንዲጣፍጥ ብለው። የሚቀጥለው የክትባት ቀን አብራችሁ ሂዱና ነርሷ ትንገራት። ከልጅ አፍ ከመስማት ይሻላታል። አንቺ ግን ማሩን እንደልብሽ ብዪ። ዘሩ በጡት ወተት አልፎ ልጁ ጋ አይደርስም።

አሁን ወደ ፊትሽ። ማር ለቆዳ ይጠቅማል? አዎ፣ ይጠቅማል። ጥሩ ማር ውስጥ ያለው ውኃ ከ17 እስከ 20 ከመቶ ቢሆን ነው። የቀረው በአብዛኛው ስኳር ነው፤ ስኳር ደግሞ ውኃ ይስባል። ማር የተቀባ ቆዳ ታጥቦ ለስለስ የሚለው ለዚህ ነው። ማር ኮምጣጣነትም አለው፤ ተህዋሲያን አይመቻቸውም። በዚያ ላይ ንቧ የምትጨምርበት ኢንዛይም አለ። ማሩ ትንሽ እርጥበት ሲያገኝ ይህ ኢንዛይም ጥቂት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያወጣል። ድሮ በየክሊኒኩ ቁስል ሲታጠብበት አረፋ የሚደፍቀው ፈሳሽ ማለት ነው። አባቶቻችን ቁስል ላይ ማር ማድረጋቸው ያለ ነገር አልነበረም።

ግን ሆስፒታል ውስጥ ለቁስል የሚውለው ማር በጨረር ከተህዋሲያን የጸዳ ነው። ከማሰሮ የተቀዳውን ማር ክፍት ቁስል ላይ፣ በተለይ የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ፣ እንዳታደርጉ። እሳት ወይም የፈላ ውኃ ያቃጠለው ሰው ካለ ደግሞ መጀመሪያ 20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ይፍሰስበት። ማርም፣ ሊጥም፣ የጥርስ ሳሙናም አይቀባ።

ማዲያት ሌላ ነገር ነው። ቆሻሻ አይደለም፣ አይታጠብም። በእርግዝና የጨመረው ሆርሞንና ፀሐይ ተባብረው ቆዳሽ ቀለም እንዲያበዛ አድርገውታል። ማር ያን ቀለም አያነሳውም። ብጉርም ላይ ቢሆን በማር ክሬም ኒውዚላንድ ውስጥ የተደረገ ጥናት ነበር፤ በፀረ ተህዋሲያን ሳሙና ብቻ ከመታጠብ የበለጠ ጥቅም አልታየም።

ይበልጥ የምፈራልሽ ሎሚውን ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት አንዲት ወጣት እኔ ጋ መጣች። ሰኞ ጠዋት ማርና ሎሚ ተቀብታ፣ ፊቷን ለቅለቅ አድርጋ ባቲ ገበያ ወረደች። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሸጠች። ማክሰኞ ማታ ጉንጯ ቀልቶ ማቃጠል ጀመረ። ረቡዕ ውኃ ቋጠረ። እኔ ሳያት ሎሚው የወረደበት መንገድ ከጉንጯ እስከ አገጯ እንደ ጣት ምልክት ጠቁሮ ይታያል። መስታወት ማየት አቁማ ነበር። ጥቁረቱ እስኪለቃት ወራት ወሰደ። የሎሚ ጭማቂና ልጣጩ ውስጥ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን የሚያቃጥል ነገር አለ። ወጥ ላይ ይጭመቅ፤ ፊት ላይ ግን አይሁን።

ለማዲያትሽ የሚበጀው ከፀሐይ መሸሽ ነው። ወልዲያና ደሴ አየሩ ነፋሻ ስለሆነ ፀሐይዋ ቀላል ትመስላለች። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ግን ጎጂው ጨረር ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 ከመቶ ያህል። ዣንጥላ ያዢ፣ ሰፋ ያለ ባርኔጣ አድርጊ። አቅም ካለሽ ኤስፒኤፍ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ተጠቀሚ። ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ በወራት ውስጥ ራሱ ይደበዝዛል። ካልሆነ የቆዳ ሐኪም ይየው፤ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የቆየ ነው። ስሙ ያልተጻፈበት ማንጫ ቅባት ከሱቅ ገዝተሽ ግን አደራ እንዳትቀቢ።

ማሩን ለማለስለስ ያህል ፊትሽን ልቀባ ካልሽ ይቻላል። መጀመሪያ በክንድሽ ውስጠኛው በኩል ጥቂት ቀብተሽ እስከ ነገ ጠብቂ። ካላሳከከሽ ታጥበሽ ስስ አድርገሽ ቀቢ፣ 15 ደቂቃ ቆይተሽ ለብ ባለ ውኃ ታጠቢ። በሳምንት አንዴ በቂ ነው። ልጁን ከማቀፍሽ በፊት ግን ፊትሽንም እጅሽንም በደንብ ታጠቢ።

ወደ ማድቤት እንግባ። እዚህ ላይ ማር ይከበራል። ወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ድግስ የሚቀመጥበት አገር ነው። ከጠጁ ጎን ብርዝ የሚቀርበውም ለዚያ ነው። በሶ በማር ሲጨበጥ ለመንገደኛም ለአራስም ምግብ ነው። ዳቦ ስትጋግሪ በማር ከሆነ ውኃውን ትንሽ ቀንሺ፤ ማሩ የራሱ ውኃ አለው። እሳቱንም አብርጂው፤ በማር የተለወሰ ሊጥ ሳይበስል ላዩ ይጠቁራል። ሻይ ላይ ከሆነ ለመጠጣት ሲለዝብ ጨምሪው፤ መዓዛው አይጠፋም።

ከስኳር ይሻላል ወይ ላልሽው፣ ጣዕሙ ይሻላል። ለሰውነት ግን ማርም ስኳር ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚጨመር ስኳር በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ማርንም አብሮ ይቆጥራል። "ማር የተፈጥሮ ስለሆነ ስኳሬን አይጨምርም" ብለው ጠዋት ጠዋት ጥቁር አዝሙድ በማር የሚወስዱ ሕመምተኞች አሉኝ። ይጨምራል። ቤታችሁ የስኳር ሕመምተኛ ካለ ይህን ንገሪልኝ። ለሳል ግን ማርን አምንበታለሁ። ዓመት ላለፈው ልጅ ሲተኛ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ለትልቁ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ የሌሊቱን ሳል ያበርድለታል።

መርጋቱን አትጠራጠሪ። ንጹሕ ማር ይረጋል። ውስጡ ካሉት ስኳሮች አንዱ ግሉኮስ ነው፤ ሲቀዘቅዝ እንደ አሸዋ ይጠጥራል። የላስታ ነጭ ማርም እንዲሁ ነው። ወለላ እንዲሆንልሽ ከፈለግሽ ዕቃውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቁሚው እንጂ እሳት ላይ አትጣጂው። ክብሪት መለኮስ፣ ውኃ ውስጥ ማንጠባጠብ የሚሉት መፈተኛዎች የተቀላቀለውን ከንጹሑ በእርግጥ አይለዩም። ዋናው የምታውቂው ንብ አናቢ ነው፤ አንቺ ደግሞ አባትሽ አለልሽ።

የአባትሽ ነገር ነው ልቤን የነካው። አምባሰል ስሙን ከማር አገኘ የሚሉ አሉ፤ "አሰል" በዓረብኛ ማር ነው። እኔም አያቴ ማር ሲቆርጥ አይቻለሁ። አመሻሽ ላይ ኩበት አጭሶ፣ ቀፎውን ቀስ ብሎ ይከፍታል። እጁ አይቸኩልም። ሁሉንም አይቆርጥም ነበር። ከኋላ የተወሰነ የማር እንጀራ ይተውና "ይሄ የነሱ ስንቅ ነው" ይለኛል። ስንቁን የጨረሱበት ንብ በበጋ ጥሎት ይሄዳል።

አሁን ያለው ጣጣ መድኃኒቱ ነው። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት አንበጣ ወሎን በወረረ ጊዜ እንዳየነው፣ የተባይ መድኃኒት አንበጣና ንብ አይለይም። አባትሽ ጎረቤቱን እንደ ጠላት አይየው። ጎረቤትየውም ሰብሉ በትል ሲበላ ዝም ማለት አይችልም። ግን መነጋገር ይቻላል። አበባ ላይ ያለ ሰብል አይረጭ። የግድ ከሆነ ንቦቹ ገብተው ሲመሽ ይረጭ። አንድ ቀን ቀድሞ ለአባትሽ ይንገረው፤ አባትሽ ማታ የቀፎውን አፍ አየር በሚያስገባ ወንፊት ከልሎ፣ ጥላ ሠርቶለት እስከ ማግስቱ ረፋድ ያቆያቸው። ከዚያ በላይ ግን በሙቀት ይታፈናሉ። ጎረቤትየው ኑግ ወይም ባቄላ የሚዘራ ከሆነ ደግሞ ንቦቹ የሱም ሠራተኞች ናቸው። ኑግ ያለ ንብ ፍሬ በደንብ አይዝም። ካልተግባቡ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ያሸማግላቸው።

ለሚረጨው ሰውም እፈራለታለሁ። አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ነፋስ ከኋላው አድርጎ ይርጭ፤ ሲጨርስ ልብሱን ለይቶ ይጠብ። ባዶውን የመድኃኒት ጄሪካን ማንም ሰው ለውኃም ለማርም አይጠቀምበት። ምንም ያህል ቢታጠብ አይጠራም።

አንቺም ከወልዲያ ግቢሽ ሆነሽ አቅምሽን አድርጊ። በሶብላሽን ሁሉንም አትቅጠፊው፣ ጥቂቱ ያብብ። በዝርግ ሳህን ውኃ አድርገሽ ጠጠር ጣይበት፤ ንቦቹ ጠጠሩ ላይ ቆመው ይጠጣሉ። ማር ስትገዢ የአባትሽን መሰል ንብ አናቢዎች ማር በዋጋው ግዢ።

እናትሽ ደግሞ ከዘንድሮው ማር አንድ ብርጭቆ ለይታ፣ አፉን በደንብ ከድና ታስቀምጥ። ጥሩ ማር እርጥበት ካልገባበት ይቆያል። ከስምንት ወር በኋላ ልጁ ልደቱን ሲያከብር፣ ዓመት ሞልቶታልና፣ ያኔ በራሷ ጣት ታልሰው።