ወንድሜ የጦር ክፍል ቀይሮ መኮንን ሊሆን ነው፤ ቤተሰብ ምን ያግዘው?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በምህንድስና ተመርቆ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ገባ። እዚያም በምድር ጦር በተራ ወታደርነት ተቀጥሮ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። አሁን ወደ አየር ኃይል ተዛውሬ መኮንን መሆን እፈልጋለሁ ይላል። ለዚሁም ዲግሪውንና ትራንስክሪፕቱን እንዳወጣለት፣ የእናታችንንና የእኛን የእህት ወንድሞቹን የትውልድ ቀንና አድራሻ እንድልክለት ጠይቆኛል። እናታችን የቤተሰብ ዝርዝር ለሌላ አገር ጦር መሰጠቱ አስፈርቷቸዋል። ዜግነቱን ከለወጠ ደግሞ ከአባታችን በወረሰው ቤት ላይ መብት አይኖረውም የሚሉን አሉ። አባታችን በሃምሳ አለቃነት ጡረታ የወጡ ስለነበሩ የመኮንንነትን ክብር እናውቀዋለን፤ መንገዱን ግን አናውቀውም።
አንዲት እህት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወንድምዎ አንድ ላይ ያነሷቸው ነገሮች በእርግጥ ሁለት ናቸው፤ የሚወስኑባቸውም ሰዎች የተለያዩ ናቸው። የጦር ክፍል መቀየር አንድ ነገር ነው፤ ከተራ ወታደርነት ወደ መኮንንነት መሻገር ሌላ ነው። ክብደቱ ያለው በሁለተኛው ላይ ሲሆን፣ እሱ ከሚጠይቀው ማስረጃ ውስጥ አብዛኛው ያለው እርስዎ በሚኖሩበት ከተማ ነው።

በእኛ አገር የቀድሞ ሰዎች የሆለታና የሐረር ምሩቅ እያሉ ይለዩ ነበር። በ1927 የተቋቋመው የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በኋለኞቹ ዓመታት ከሠራዊቱ ውስጥ የተመረጡ ወታደሮችን አሠልጥኖ መኮንን ሲያደርግ፣ የሐረር ጦር አካዳሚ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቁ ወጣቶችን ይቀበል ነበር። አሜሪካም ከተራ ወታደርነት ወደ መኮንንነት ለሚያድጉ በር አላት። የምድር ጦሩ የእጩ መኮንኖች ትምህርት ቤት በጆርጂያ ግዛት በፎርት ቤኒንግ ለ12 ሳምንታት ያሠለጥናል፤ የአየር ኃይሉ ደግሞ በአላባማ ግዛት በማክስዌል ጦር ሰፈር ይገኛል። በሁለቱም በኩል የመጀመሪያ ዲግሪና የአሜሪካ ዜግነት ይጠየቃል። ተራ ወታደር በግሪን ካርድ መቀጠር ይችላል፤ መኮንን ግን አይችልም። ፈተናም አለ፤ ምድር ጦሩ በመቀጠሪያ ፈተናው አጠቃላይ የቴክኒክ ክፍል 110 ነጥብ ሲጠይቅ፣ አየር ኃይሉ የራሱን የመኮንኖች ብቃት መመዘኛ ይሰጣል። መመዘኛው በእንግሊዝኛ ቃላትና ንባብ ላይም ስለሚፈትን፣ ወንድምዎ በሒሳብ ችሎታው ብቻ ተማምኖ እንዳይገባ አደራ እላለሁ።

የጦር ክፍል መቀየርን በተመለከተ፣ ወታደር የፈረመው ውል እያለ በፈቃዱ ሊዛወር አይችልም። ያለበት ጦር በቅድመ ሁኔታ እንዲለቀው በቁጥር 368 በሚታወቀው የመከላከያ ቅጽ መጠየቅ አለበት፤ ጥያቄው ሊከለከልም ይችላል። ስለዚህ የልቡ ምኞት መኮንንነት ከሆነ፣ የሚያውቁት አለቆቹ ምስክር ሊሆኑለት በሚችሉበት በራሱ በምድር ጦሩ ውስጥ ቢያመለክት ይሻለዋል ባይ ነኝ። ምኞቱ የአውሮፕላንና የኤሌክትሮኒክስ ሥራ ከሆነና ለዚያ ሲል አየር ኃይልን ከመረጠ ግን፣ ውሉ ሲያልቅ ዝም ብሎ አይውጣ፤ በእጩ መኮንንነት መመረጡ በጽሑፍ ሳይደርሰው የያዘውን አይልቀቅ። «አሁን በተራ ወታደርነት ግባ፣ መኮንንነቱ በኋላ ይመጣል» ቢሉት፣ በውሉ ላይ ያልሰፈረ የቃል ተስፋ የሚያስገድደው ወገን የለም። ሌላም የሚያረጋጋው ነገር አለ፤ በተራ ወታደርነት ከ4 ዓመት በላይ ያገለገለ ሰው ምክትል መቶ አለቃ ሲሆን ደመወዙ ያለ ልምድ ከሚገባው ከፍ ያለ ነው። ሦስተኛ ዓመቱ ላይ ሆኖ ቢዘገይ የሚያጣው ብዙ አይደለም።

አሁን ወደ እርስዎ ሥራ እንምጣ። ከውጭ አገር የተገኘ ዲግሪ ከአሜሪካው ጋር እኩል መሆኑን የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት ማረጋገጥ አለበት፤ ለዚህም ሬጅስትራሩ ያሸገውና ማኅተም ያለበት ትራንስክሪፕት ያስፈልጋል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን ሳይከፍል ዋናው ዲግሪ አይሰጠውም፤ ወንድምዎ በጊዜያዊ ማስረጃ ብቻ ሄዶ እንደሆነ መጀመሪያ ይህን ያጣሩ። ቀጥሎ ስሙን ፊደል በፊደል ያስተያዩ። በዲግሪው ላይ የአያቱ ስም ተጨምሮ በአሜሪካ ወረቀቱ ላይ ከሌለ፣ ወይም አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ከተለየች፣ ገምጋሚው ሌላ ሰው ነው ብሎ ሊመልሰው ይችላል።

የእናትዎ ስጋት የሚገባ ነው፤ ነገር ግን የተጠየቀው ዝርዝር በወንድምዎ ላይ ብቻ የመጣ ልዩ ምርመራ አይደለም። መኮንን የሚሆን ሰው ሁሉ ምሥጢራዊ መረጃ ለመያዝ ብቁ መሆኑ ስለሚጣራ፣ የወላጆቹን፣ የእህት ወንድሞቹን ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ዜግነትና አድራሻ በቅጽ ይሞላል። ውጭ አገር ዘመድ መኖሩ በራሱ አይጥለውም፤ መደበቁ ግን በእርግጥ ይጎዳዋል። ዋናው ጥንቃቄ ቀኖቹ ላይ ነው። መስከረም 5 ቀን 1990 የተወለደ ሰው በእነሱ አቆጣጠር የተወለደው በ1997 ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ የሚጨመረው 7 ዓመት መሆኑ ተዘንግቶ 8 ከተጨመረ 1998 ተብሎ ይሞላል። ስለዚህ የሚልኩት ቀን በዲቪ ጊዜ ከሞላው ጋር አንድ መሆኑን ከእሱ ጋር አብራችሁ አረጋግጡ፤ ቀድሞ የተሳሳተ ካለም በዝምታ ከማለፍ ይልቅ ራሱ አስረድቶ ያሳርመው።

ዜግነቱን በሚመለከት ምናልባት ጉዳዩ ያለቀ ሊሆን ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁት፤ ብዙ ስደተኛ ወታደሮች ገና በአገልግሎታቸው መጀመሪያ፣ ያለ ማመልከቻ ክፍያ የአሜሪካ ዜጋ ይሆናሉ። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። ይህ ለእናት ከባድ ነገር መሆኑ ይገባኛል። ቤቱ ግን በዚህ ምክንያት አይጠፋም። አዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን የያዘ ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው በውጭ ዜጎች ላይ የተጣለው ክልከላ እንዳይመለከተው ያደርጋል። የሚቀሩበት መብቶች መምረጥና መመረጥ፣ እንዲሁም በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች በቋሚነት መቀጠር ናቸው። እንግዲህ ዜግነቱን ለውጦ ከሆነ ካርዱን ሳይውል ሳያድር ያውጣ።

ለሬጅስትራሩም ሆነ ለቤቱ ጉዳይ ውክልና ያስፈልግዎታል። ወንድምዎ ዋሽንግተን በሚገኘው ኤምባሲያችን ሲሰጥዎ ሁለቱም ሥራዎች በአንዱ ሰነድ ላይ ተዘርዝረው ይጻፉ፤ ሰነዱ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ቤት መሸጥ ወይም ማስያዝ በጠቅላላ ውክልና ስለማይቻል፣ ያን ሥልጣን ሊሰጥዎ ከፈለገ በግልጽ ተጽፎ ይምጣ፤ ካልፈለገም ቤቱን ማስተዳደርና ግብሩን መክፈል የሚለው ብቻ ይበቃል።