መልስ፦ ሁሉም ቀይ የሚሆነው ተበላሽቶ አይደለም

ሰላም ወንድሜ። «መስቀለኛ መንገድ ላይ በአራቱም አቅጣጫ ቀይ በርቶ ማንም ሳይንቀሳቀስ ይቆያል፤ መብራቱ ተበላሽቶ ነው?» ብለህ ጠይቀሃል። አልተበላሸም። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ቢጫ ሲበራ መስመሩ አፍንጫው ስር የደረሰ ሾፌር ፍሬን ቢይዝም አይቆምለትም። ቢጫው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ የሚቆየው ለዚህ ነው። ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ሁሉም ቀይ ይሆናል፤ መሃል የቀረው እንዲወጣ። ይህች ሰከንድ ከሌለች አረንጓዴ ያገኘው ከጎን ይገባበታል። የጎን ግጭት ደግሞ ክፉ ነው። በተሳፋሪውና በሚገጨው መኪና መካከል ያለው ከበሩ ውፍረት ብዙም አያልፍም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የእግረኛው ነገር ነው። በሰከንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ሰው 24 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ በ20 ሰከንድ ይሻገራል። ዘንቢል ያንጠለጠሉ እናት በሰከንድ 0.8 ሜትር ቢራመዱ 30 ሰከንድ ያስፈልጋቸዋል። ሰዓቱ ለወጣት ከተሞላ እሳቸው መሃል ላይ ይቀራሉ። ከፊት ሞተር ሳይክል፣ ከኋላ ክላክስ። ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አንጀት ይበላል። ለእግረኛ ከመኪናው ጥቂት ሰከንድ ቀድሞ አረንጓዴ መስጠትም ይረዳል፤ የሚታጠፈው ሾፌር ሰዎቹን አስፋልቱ ላይ ያያቸዋል።

አደራ፣ የቀዩ መብራት ሰከንድ ቆጣሪ 3፣ 2 ሲል መኪናህን አታንቀሳቅስ። ያ ሰከንድ ገና ላልወጣው ሰው ነው። ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ በእጁ እያሳየህ ከሆነ ግን መብራቱን ተወው፤ የእሱ ምልክት ይበልጣል።