ከሌዘሩ በኋላ የጠቆረው ፊቴ

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፤

ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው የምጽፍልዎት። ጉንጮቼና አፍንጫዬ ቀልተው ቀጫጭን የደም ሥሮች ቢታዩብኝ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ሌዘር ተደረገልኝ። «ትንሽ ያብጣል፣ በሳምንት ይጠፋል» አሉኝ። እብጠቱ እውነትም ቶሎ ጎደለ። ሌዘሩ ያረፈበት ቦታ ግን የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህሉ ክብ ምልክቶች አወጣ፤ መጀመሪያ ወይን ጠጅ ነበሩ፣ ቀጥሎ ጠቆሩ። ወር አልፏል፣ አልለቀቁም። ስደውል «ዶክተሩ ሥራ ላይ ናቸው» እባላለሁ። ገንዘቤን ሲቀበሉ ግን ጊዜ ነበራቸው! ያውም የዕቁቤን ብር። ባለቤቴ «ማን ሂጂ አለሽ?» ይለኛል፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ነው የምሳለመው።

ያጠፋሁት ነገር የለም። ፀሐይ እሸሻለሁ። የምቀባውም ከመዋቢያ ሱቅ የሚቀላቅሉልኝን፣ ለማድያት የለመድኩትን ክሬም ብቻ ነው። እሱ ምንም የለበትም፤ እንዲያውም ስተወው ይብስብኛል። የ14 ዓመት ልጄም ትቀባዋለች፣ ፊቷ ጠርቶላታል።

አሁን ለሁለተኛው ዙር ቀጠሮ ሰጥተውኛል። ቀድሜ ስለከፈልኩ ብቀር ገንዘቡ አይመለስም። ልሂድ? ወይስ ፊቴ እንዲሁ ሊቀር ነው?

ግራ የገባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ አትሂጂ። ገንዘቡ ይቅር።

ከደብዳቤሽ ሁሉ ያስደነገጠኝ በአንድ መስመር ያለፍሻት ልጅሽ ናት። በየሱቁ በሚቀላቀሉ ክሬሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን የሚባሉ ጠንካራ ስቴሮይዶች፣ ማለትም የቆዳ ቁጣን የሚያበርዱ መድኃኒቶች፣ ይገባሉ። መጀመሪያ ፊት ያጠራሉ፤ የሚወደዱትም ለዚህ ነው። ሲቆዩ ቆዳውን ያሳሱታል፣ ጥቃቅኖቹን የደም ሥሮች ያሰፏቸዋል፤ ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል። ሲተዉት ይብሳል፣ ሲመለሱበት ጋብ ይላል። «ስተወው ይብስብኛል» ያልሽው ይህንኑ ይመስላል። በሌዘር ልታስጠፊው የሄድሽውን መቅላት ምናልባት ያመጣብሽ ያው ክሬም ነው። ልጅሽ ደግሞ አንቺ በጀመርሽበት ቦታ ላይ ቆማለች፤ ገና ፊቷ ከሚጠራበት። በዚህ እቆጣሻለሁ። የ14 ዓመት ልጅ ፊት ምን ጎድሎት ነው የሚጠራው?

ክሊኒኩንም አልምረውም። «ፊትሽን ምን ትቀቢያለሽ?» ብሎ ያልጠየቀ ሰው ሌዘር መጨበጥ የለበትም። ብርሃኑ የሚፈልገው በደም ሥር ውስጥ ያለውን ቀይ ቀለም ነው። የእኛ ቆዳ ግን የራሱ ጥቁር ቀለም ስለሚበዛበት ብርሃኑን ላይ ላዩን ይይዘዋል፤ ይቆጣል፣ አንዳንዴም ይቃጠላል፣ ሲድን ይጠቁራል። ለዚህ ነው ጠይም ቆዳ ላይ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት (የሌዘር ዓይነት የሚለይበት ልክ) 595 ናኖሜትር በሆነው ሌዘር ሲሠራ ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው፤ ጠልቆ የሚገባው የ1064 ናኖሜትሩ ይሻላል፣ እሱም አስቀድሞ በትንሽ ቦታ ተሞክሮ። በየትኛው እንደሠሩብሽ በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ፤ ለሐኪምሽ ያስፈልገዋል።

ፊትሽ እንዲሁ አይቀርም ብዬ አምናለሁ። ወይን ጠጁ ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ነበር፤ በአንድና በሁለት ሳምንት የሚሄድ ነው፣ ሄዷልም። ጥቁረቱ ግን ወራት ይፈጃል። አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ ይለቃል፣ ብቻ አታሻሺው፣ ሎሚም አታስነኪው። የመከላከል አቅሙ (ዕቃው ላይ SPF ተብሎ የሚጻፈው) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ በየቀኑ ተቀቢ፤ የቆዳ ቀለም ያለው ቢሆን ይመረጣል። የነጣ ወይም የጎደጎደ ቦታ ካየሽ ጠባሳ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ለይተሽ አሳዪው።

በዚህ ሳምንት ከልጅሽ ጋር የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ክፍል አለው። የክሬሙን ዕቃ ሳትጥዪ ይዘሽው ግቢ። እንዴት እንደምታቆሙት ሐኪሙ ይንገራችሁ፤ ክሬሙ ሲቆም ፊትሽ ለሳምንታት ሊነድ ይችላል፣ ያን ጊዜ ወደ ሱቁ እንዳትመለሺ። ልጅሽን ግን አትቆጫት። የተቀባችው ያንቺን ነው።